የድሬዳዋ ዛፍ ለአባቴ መንደሪን ያልሰጠው ነገር

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ዛፍ ይወዳል፡፡ ምክንያቱን ማወቅ የሚሻ በግንቦት ወር በቀትር ከመጋላ ተነስቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ፣ ከዚራ ድረስ በእግሩ ይምጣ፡፡ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ሙቀቷ የበረታ፣ ዝናቧ ያነሰ ናት፡፡ ዝናቡም ቢሆን ጥቂቱ በበልግ፣ ጥቂቱ በክረምት እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው፡፡ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረችው ከዚራ መንገዶቿን በዛፍ ማልበሷ ለውበት ብቻ አይመስለኝም፡፡

ከዛፎቹ አንዱ በእኛው ስም ይጠራል፡፡ ክረምቱ ሊገባ ሲል እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚለብሰው፣ ትውልዱ ማዳጋስካር የሆነው ዛፍ በአማርኛ ስሙ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ መነሻም በዚሁ ዛፍ ላይ የሠራሁት ስህተት ነው፡፡

ሳቢያን በሚገኘው የቤተሰቦቼ ግቢ ውስጥ አባቴ የተከለው አንድ መንደሪን አለ፡፡ አባቴ ዕድሜውን በባቡር ሥራ የጨረሰ ሰው ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው ይህ ዛፍ ሆነ፡፡ እሱ ካረፈ ወዲህ ውሃ ማጠጣቱም መኮትኮቱም ለእኔ ቀረ፡፡ እኔ ደግሞ በቢሮ ሥራ የምተዳደር፣ ስለ ዛፍ የማውቀው ያነበብኩትን ብቻ የሆነ ሰው ነኝ፡፡ ቅጠሉ እየገረጣ፣ ፍሬው እያነሰ ሄደ፡፡ እናቴ በየጠዋቱ ከሥሩ ቆማ ወደ ላይ ታየዋለች፡፡ ምንም አትለኝም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይከብዳል፡፡

ዩሪያ እንዳልገዛ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማዳበሪያ ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያሻም፡፡ ለአንድ ግቢ የሚሆን ጥቂት ኪሎ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፡፡ በዚህ መሐል የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ተክሎች ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚወስዱና ከፍራፍሬ ዛፍ ጎን ቢተከሉ እንደሚጠቅሙ አነበብኩ፡፡ የድሬዳዋ ዛፍ ዘሩን እንደ ባቄላ በረጅም ሰገባ ውስጥ የሚይዝ፣ ከጥራጥሬ ቤተሰብ የሚቆጠር ዛፍ ነው፡፡ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣ ብዬ ከመንደሪኑ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ችግኙን ተከልኩ፡፡ ችግኙ በፍጥነት አደገ፡፡ መንደሪኑ ደግሞ ባሰበት፡፡

ከሁለት ዓመት በኋላ ዕድሜውን ግብርና በማስተማር ያሳለፈ አንድ የአባቴ ወዳጅ ሊጠይቀን መጣ፡፡ («መጡ» ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይለመድም፡፡) ቡናው እስኪፈላ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«አቦ፣ ይሄን ዛፍ እዚህ ማን አመጣው?» አለኝ፡፡

«እኔ ነኝ፤ ለመንደሪኑ ማዳበሪያ እንዲሆነው ብዬ ነው፡፡»

ሳቀ፡፡ ከዚያም አካፋ አስመጣና ከድሬዳዋ ዛፉ ግርጌ ቆፍሮ ቀጫጭኑን ሥር እያወጣ አሳየኝ፡፡ ሥሩ ልሙጥ ነው፡፡ አንድም እባጭ የለበትም፡፡ ቀጥሎ ከጎረቤት አጥር ሥር የበቀለ የርግብ አተር ነቅሎ መጣ፡፡ በዚህኛው ሥር ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ እባጮች ተንጠልጥለዋል፡፡ አንዱን በጥፍሩ ሰነጠቀው፤ ውስጡ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ነው፡፡ «ያንተ ዛፍ ይሄ የለውም» አለኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፡፡ ይሁንና በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ጠብቆ የተሳሰረ በመሆኑ መንደሪንም ሆነ ማሽላ ሊጠቀምበት አይችልም፡፡ የዩሪያ ፋብሪካ ይህን ማሰሪያ የሚፈታው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው፤ የማዳበሪያ ዋጋ ከጋዝ ዋጋ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርደውም ለዚህ ነው፡፡ ራይዞቢያ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ያንኑ ሥራ በተራ ሙቀት፣ በጥራጥሬ ሥር ላይ በሚፈጠሩት እባጮች ውስጥ ሆነው ይሠሩታል፡፡ ይህን በሙከራ ያረጋገጡት ሄርማን ሄልሪገል እና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ሲሆኑ ዘመኑም ከ1886 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ባክቴሪያው በነፃ አይሠራም፤ ተክሉ ስኳር ይከፍለዋል፡፡ አፈሩ ውስጥ በቂ ናይትሮጅን ካለ ደግሞ ተክሉ ክፍያውን ያቋርጣል፡፡ በመሆኑም ዩሪያ እየበተኑ የርግብ አተር መትከል አንዱ ሌላውን እንዲያሰንፈው ማድረግ ነው፡፡

እኔ ያላወቅኩት፣ ብዙዎችም የማያውቁት ጉዳይ ሰገባ ያለው ሁሉ ይህ ሽርክና እንደሌለው ነው፡፡ የድሬዳዋ ዛፍ የለውም፡፡ በዙሪያችን በየወንዙ ዳር የምናገኘው፣ ፍሬው ለመጠጥ የሚሆነው ሁመርም የጥራጥሬ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ እባጭ አያወጣም፡፡ እነዚህ ዛፎች ለጥላና ለፍሬ ይተከሉ እንጂ ለማዳበሪያነት ከሌላ ዛፍ ጎን ቢቆሙ ተቀናቃኝ ናቸው፡፡ በተለይ የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩን ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳያርቅ በሰፊው ስለሚዘረጋ፣ ለመንደሪኑ ብዬ የማፈሰውን ውሃ ቀድሞ የሚጠጣው እሱ ነበር፡፡

በአንፃሩ የርግብ አተር፣ ሰስባኒያ፣ ሉኪኒያና አብዛኞቹ ግራሮች ናይትሮጅን ያመጣሉ፡፡ የባቢሌው ለውዝም እንዲሁ፤ ችግሩ ለውዝ የሚሰበሰበው ከነሥሩ ተነቅሎ ነው፡፡ ናይትሮጅን ማምጣት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያስታውሰን ደግሞ ፕሮሶፒስ ነው፡፡ እሱም እባጭ አለው፤ ነገር ግን በአፋርና በሶማሌ ክልሎች፣ በድሬዳዋ ዙሪያም ግጦሹን እንዴት እንደወረረው ያየ ሰው ግቢው ውስጥ አያስገባውም፡፡ ሉኪኒያም ዘሩ ከፈሰሰ አስቸጋሪ ስለሚሆን ሳያፈራ መቁረጥ ግድ ነው፡፡

የተከሉት ተክል ሥራውን እየሠራ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ተክሉ ካበበ ወይም ሊያብብ ከተቃረበ ጊዜ ጀምሮ ቀጫጭኑን ሥር ቆፍሮ ይመልከት፡፡ እባጩ ሲሰነጠቅ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፡፡ ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም አልተሳካም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፡፡ እዚህ ላይ አንድ ማሳሳቻ አለ፡፡ ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን ትልም ሥርን ያሳብጣል፡፡ ልዩነቱ የናይትሮጅኑ እባጭ ከሥሩ ጎን የተለጠፈና በጣት ሲያሹት በቀላሉ የሚረግፍ መሆኑ ነው፤ የኔማቶዱ እብጠት ግን የሥሩ የራሱ ሰውነት ነው፤ አይረግፍም፡፡ ግቢው ውስጥ ፓፓያ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ፓፓያ በዚህ ትል በእጅጉ ይጎዳልና፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እኔና እናቴ የተጣላነውም በዚሁ ነው፡፡ የርግብ አተር መንደሪኑ አጠገብ ስለቆመ ብቻ ናይትሮጅኑን አያካፍለውም፡፡ በሕይወት ያለ ተክል ከአየር ያገኘውን ለራሱ ቅጠልና ፍሬ ያውላል፤ በሥሩ በኩል የሚያፈሰው ጥቂት ነው፡፡ ለጎረቤቱ የሚደርሰው ቅጠሉ ሲረግፍ ወይም ሲቆረጥ፣ ሥሩም ሲሞትና ሲበሰብስ ነው፡፡ ስለዚህ የሚያስፈልገው መቀስ ነው፡፡ የሚቆረጠውም ተክሉ አብቦ ፍሬ መያዝ ሳይጀምር ነው፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ናይትሮጅኑ ወደ አተሩ ይሄዳል፤ አተሩ ተለቅሞ ወጥ ቤት ከገባ ደግሞ ለመንደሪኑ የሚቀርለት የተራረፈው ነው፡፡

እናቴ መቀሱን ይዤ ስታየኝ፣ «አንተ፣ ያበበ እህል ይቆረጣል? ግፍ አይደለም?» አለችኝ፡፡ የምመልሰው አጣሁ፡፡ በመጨረሻ ከስድስቱ ሁለቱን ለእሷ ተውኩላት፤ እነሱ እስኪያፈሩ ይቆያሉ፤ አራቱ የመንደሪኑ ናቸው፡፡

ሒሳቡን ለሚወዱ፡- የእነዚህ ተክሎች ደረቅ ቅጠል ከክብደቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፡፡ 40 ኪሎ ርጥብ ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ሲደርቅ 10 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ በውስጡ 350 ግራም ያህል ናይትሮጅን አለ ማለት ነው፡፡ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነውና ይህ ከሦስት ሩብ ኪሎ ዩሪያ ጋር ይስተካከላል፡፡ በእርግጥ ከቅጠሉ ውስጥ የተወሰነው ብቻ ነው በመጀመሪያው ዓመት ለዛፉ የሚደርሰው፤ ቀሪው አፈሩ ውስጥ ይቆያል ወይም ወደ አየር ይመለሳል፡፡ ዩሪያም ቢሆን በእኛ ሙቀት ላይ ላዩን ከተበተነ ብዙው ይተናል፡፡ 40 ኪሎ ቅጠል ከአራት የርግብ አተር በአንድ ጊዜ እንደማይገኝ ግን ከወዲሁ ልናገር፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መቁረጥን ይጠይቃል፡፡

ሐሳቡ ለሐረርጌ አዲስ አይደለም፡፡ ወደ ሐረር የሚያመራውን ዳገት የወጣ ሰው በማሽላና በበቆሎ ማሳዎች መካከል ተበታትኖ የቆመውን ትልቅ ግራር ያውቀዋል፡፡ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ገርቢ ይለዋል፡፡ ገርቢ የሚገርም ጠባይ አለው፤ ሌላው ዛፍ በሚለመልምበት ክረምት ቅጠሉን ያረግፋል፤ በበጋ ያለመልማል፡፡ በመሆኑም ሰብሉ ብርሃን በሚሻበት ወቅት አይጋርደውም፡፡ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ በሐረርጌ ደጋ የተካሄደ ጥናት በገርቢ ሥር የበቀለው ሰብል ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት እንደሰጠ አሳይቷል፡፡ ይህ ሁሉ የናይትሮጅን ሥራ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሚረግፈው ቅጠል፣ ከጥላው የሚያርፉት ከብቶች ፋንድያ፣ የአፈሩ እርጥበትም አሉበት፡፡ በደቡብና በምዕራብ የሚገኘው ቡናችንም በብርብራ፣ በሰሳና በኮርች ጥላ ሥር የሚያድገው በዚሁ ዓይነት ዕውቀት ነው፡፡ ብርብራም፣ ሰሳም፣ ኮርችም ናይትሮጅን ያመጣሉ፡፡ አርሶ አደሩ ራይዞቢያ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ዛፉን መርጦታል፤ እኔ ቃሉን አንብቤ ዛፉን ሳትኩ፡፡

ሌላም የሳትኩት ነገር ነበር፡፡ የአባቴ ወዳጅ የመንደሪኑን ቅጠል ቀጥፎ ሁለት ዓይነት ቢጫ እንዳለ አሳየኝ፡፡ ናይትሮጅን ያነሰው ዛፍ መጀመሪያ የሚገረጣው በአሮጌው ቅጠሉ ሲሆን ቅጠሉም ወጥ በሆነ መልኩ ቢጫ ይሆናል፡፡ ብረት ያነሰው ግን በአዲሱ ቅጠል ይጀምራል፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ መሐሉ ይነጣል፡፡ የእኛው ዛፍ ሁለቱም ነበረበት፡፡ ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ አገር ናት፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለምክንያት አይደለም፤ ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ከዚያው የመጣ ነው፡፡ እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ዛፉ ሊወስደው ይቸገራል፡፡ የርግብ አተር ይህን አይፈታም፤ እንዲያውም ናይትሮጅን የሚያመጣው እባጭ ራሱ ብረት ይፈልጋል፡፡ የበሰበሰ ፍግና ቅጠል ግን በመጠኑ ያግዛል፡፡ ስለዚህ ከፍየል ገበያ አካባቢ ሁለት ማዳበሪያ ጆንያ አሮጌ ፍግ ተሸክሜ መጣሁ፡፡

የቀረውን በአጭሩ ልግለጸው፡፡ የርግብ አተሮቹን ከግንዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቄ በክብ ተከልኳቸው፡፡ የርግብ አተር መራጭ ስላልሆነ በአፈራችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበቁታል፤ ሉኪኒያ ቢሆን ኖሮ የራሱን ዓይነት ባክቴሪያ መፈለግ ሊኖርብኝ ይችል ነበር፡፡ የሚቆረጡት አንዴ በልግ ሲያልቅ፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በጥርና በየካቲት ድርቅ ደግሞ ውሃ እንዳይሻሙ አሳጥራቸዋለሁ፡፡ ቅጠሉን ከሥሩ አነጥፈዋለሁ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው አንድ ስንዝር አርቃለሁ፤ ምስጡ አያምርምና፡፡ የርግብ አተር ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ስለሆነ ከወዲሁ ተተኪ እየዘራሁ ነው፡፡

መንደሪኑ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ደርቆበት ተቆርጧል፤ እሱ አይመለስም፡፡ አሮጌው ቅጠል ግን መገርጣቱን ትቷል፤ የአዲሱ ቅጠል ቢጫነት ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፡፡ ባለፈው ኅዳር እናቴ ከቤተሰብ ተርፎ ለጎረቤት የሚደርስ ፍሬ ለቀመች፡፡ ከእሷ ሁለት የርግብ አተሮች የተገኘውን ደግሞ ወጥ አድርጋ አበላችኝ፤ ነገሩ ገብቶኛል፡፡

የድሬዳዋ ዛፉን የቆረጥኩት በመጨረሻ ነው፡፡ «ድሬዳዋ ተቀምጦ የድሬዳዋን ዛፍ የሚቆርጥ ልጅ ወለድኩ» ስትል ሰነበተች፡፡ ሌላ ችግኝ አምጥቼ ከአጥሩ ውጪ፣ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ፀሐይ ላይ ከሚቆሙበት ጥግ ተክዬዋለሁ፡፡ ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት፡፡