የውድድርና የልምምድ መንኮራኩር አመራረጥ

መሣሪያ የሚመረጠው በመልኩ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው። አጫጅ ማጭድ፣ ፈላጭ መጥረቢያ ይይዛል፤ ሁለቱም ስለት ስለሆኑ ብቻ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል የሚል አይኖርም። ይህ እውነት ለብስክሌት መንኮራኩርም ያገለግላል። ቀጥሎ የቀረበው ጽሑፍ አንድ የትራያትሎን ስፖርተኛ የተሻለ መንኮራኩር ለመግዛት ሲያስብ ምን ምን ነገሮችን ማመዛዘን እንደሚገባው ያስረዳል። ስታነቡ የንጽጽሩን አካሄድ ልብ በሉ።

ትራያትሎን ዋና፣ የብስክሌት ግልቢያና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ሲሆን፣ ርቀቱም 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ግልቢያና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። «አይረንማን» ተብሎ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ1978 በሐዋይ የተጀመረው ረጅሙ ውድድር ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ግልቢያና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለበት። በዚህ ውድድር ሌላውን ጋላቢ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ስለሆነ እያንዳንዱ አየሩን የሚሰነጥቀው ብቻውን ነው። ከብስክሌቱ ሲወርድም ሙሉ ማራቶን ይጠብቀዋል። ስለዚህ በግልቢያው ላይ በከንቱ የባከነ ጉልበት በሩጫው ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

በሜዳማ መንገድ በፍጥነት የሚጓዝ ጋላቢ ትልቁ ባላጋራው አየር ነው። የጋላቢው ፍጥነት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ የአየሩ ተቃውሞ በ2 እጥፍ ሳይሆን በ4 እጥፍ ይጨምራል፤ ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። የመንኮራኩሩ የላይኛው ጫፍ ወደ ፊት የሚሄደው በብስክሌቱ ፍጥነት እጥፍ መሆኑን ስናስታውስ፣ አየሩን የሚመቱት ራጂዎች ብዛትና የቸርኬው ቅርጽ ለምን ትኩረት እንደሚሰጣቸው እንረዳለን።

በዚህም ምክንያት የውድድር መንኮራኩሮች ቸርኬያቸው ጥልቅ፣ ራጂያቸው ጥቂት ሆኖ ይሠራሉ። ጥልቀት ስንል ከጎማው መቀመጫ ወደ መካከለኛው ሞዞ ያለውን የቸርኬውን ቁመት ማለታችን ነው። 30 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው አጭር፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር የሆነው መካከለኛ፣ ከ80 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ጥልቅ ሊባል ይችላል። ከሁሉም የሚልቀው ራጂ የሌለው ድፍን መንኮራኩር ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ1984 በሜክሲኮ ከተማ በድፍን መንኮራኩሮች በ1 ሰዓት 51.151 ኪሎ ሜትር በመጋለብ፣ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በዚያው ከተማ ያስመዘገበውን የ49.431 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን አሻሽሏል። ለድሉ ምክንያት የሆነው መንኮራኩሩ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ የዚህን ዓይነቱን ቅርጽ ጥቅም ለዓለም ያሳየ ክንውን ነበር።

ይሁን እንጂ ጥልቀት ያለ ዋጋ አይገኝም። ሰፊ ሸራ ነፋስን እንደሚይዝ ሁሉ፣ ጥልቅ ቸርኬም ከጎን የሚመጣውን ነፋስ ይይዛል። በተለይ የፊተኛው መንኮራኩር ከመሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ድንገተኛ ነፋስ ጋላቢውን ከመንገዱ ሊያስወጣው፣ ሊጥለውም ይችላል። ለዚህም ነው ብዙዎች ከፊት አጠር ያለ፣ ከኋላ ጥልቅ ቸርኬ የሚጠቀሙት። በሐዋይ የኮና ውድድር መንገዱ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐዊ ሲያመራ የጎን ነፋስ ስለሚበረታበት፣ ድፍን መንኮራኩር ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል። እንግዲህ መንገዱንና የአየሩን ጠባይ ሳያጠኑ የሚመርጡት መንኮራኩር ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ክብደቱ ቀላል የሆነ ጋላቢ ደግሞ በነፋስ ይበልጥ ስለሚገፋ ጥልቀቱን መቀነስ ይበጀዋል።

የልምምድ መንኮራኩር በአንጻሩ የሚፈለግበት ጠባይ ሌላ ነው። በሳምንት ውስጥ ብዙ ሰዓት፣ በጉድጓድና በጠጠር ላይ ይነዳል። ስለዚህ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቸርኬ፣ ከ28 እስከ 32 ራጂና በቀላሉ የሚጠገን ሞዞ ያለው ይመረጣል። ብዙ ራጂ ካለው፣ አንዱ ቢሰበር እንኳ ሌሎቹ ሸክሙን ተጋርተው ጋላቢውን ከቤቱ ሊያደርሱት ይችላሉ። ከካርቦን ቃጫ የተሠራው የውድድር ቸርኬ ግን ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም፣ ዋጋው ውድ ስለሆነ በየዕለቱ ጠጠር ላይ ማንከባለል ንብረትን ማባከን ነው።

ሁለት ዓይነት መንኮራኩር ያለው ሰው ሁለቱ መጣጣማቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የማርሹ ጥርሶች ዓይነትና የቸርኬው ስፋት ተመሳሳይ ከሆኑ ለመቀያየር አያስቸግሩም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የፍሬኑን ላስቲክ ከመንኮራኩሩ ጋር መለወጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በላስቲኩ ውስጥ የተሰገሰገ የአሉሚኒየም ስብርባሪ የካርቦኑን ቸርኬ ይፍቀዋል። ካርቦን ሲረጥብ ፍሬን በደንብ ስለማይዝለትና በረጅም ቁልቁለት ስለሚግል፣ አዲሱን መንኮራኩር በውድድር ቀን ሳይሆን አስቀድሞ በልምምድ መፈተን የግድ ነው።

በመጨረሻም ገንዘብን በቅደም ተከተል ማውጣት ብልህነት ነው። ከአየሩ ተቃውሞ አብዛኛውን የሚቀበለው የጋላቢው ገላ እንጂ መንኮራኩሩ አይደለም። ስለሆነም አስቀድሞ አቀማመጥን ማስተካከል፣ ቀጥሎ በደንብ የሚንከባለል ጥሩ ጎማ መግዛት፣ ከዚያ በኋላ መንኮራኩር መለወጥ ተገቢ ይሆናል። ውድ መሣሪያ የልምምድን ጉድለት አይሞላም፤ በቦታው የዋለ መሣሪያ ግን የለፋውን ሰው ድካም ያቀልለታል።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የውድድሩንና የልምምዱን መንኮራኩር ያነጻጸረባቸውን ነጥቦች በሠንጠረዥ አሳዩ።
2. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «ስለሆነም» በጽሑፉ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አስረዱ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
3. በአካባቢያችሁ ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚያገለግሉ ተመሳሳይ መሣሪያዎችን መርጣችሁ፣ አመራረጣቸውን የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።