ስፖርትና ፖለቲካ፦ ይለያዩ ወይስ አይለያዩ?

ዌስትላንድስ፣ ናይሮቢ



«ስፖርትና ፖለቲካ መገናኘት የለባቸውም» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነትነቱን ለመመዘን ግን ከአገራችንና ከተጠለልንባት ከኬንያ ታሪክ ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ትገዛ ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። በሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት የተገደሉት በዚያው ሰሞን ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ እንድትታገድ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት በማጣቱ፣ ኢትዮጵያንና ኬንያን ጨምሮ ከሃያ የሚበልጡ አገሮች ከውድድሩ ወጡ።

ዕዳውን የከፈሉት ሯጮቹ ናቸው። ምሩጽ ይፍጠር አራት ዓመት ጠብቆ፣ በ1980 ሞስኮ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ ግን አልቀናውም። በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ሪከርዶችን ሰብሮ ነበር። ሆኖም አገሩ በ1976ም ሆነ አሜሪካ ባስተባበረችው የ1980 አድማ ስለቀረች፣ በኦሊምፒክ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሮጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ተራው የእኛ ሆነ። ኢትዮጵያ በ1984 ሶቪየት ኅብረትን ተከትላ ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግና ከሴኡል ቀረች። በላይነህ ዴንሳሞ ከሴኡል አምስት ወር ቀደም ብሎ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ጨርሶ ነበር፤ ይህ ሪከርድ አሥር ዓመት ቆይቷል። የዓለም ፈጣኑ ሰው ግን ኦሊምፒኩን እንደማንኛችንም ከሩቅ ሰማው።

ታዲያ ፖለቲካ ከሜዳ ፈጽሞ ይራቅ? እንዲህ ማለትም አያስኬድም። ቡድኑን በቆዳ ቀለም የሚመርጥ መንግሥት ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባው ራሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1964 ጀምሮ ከኦሊምፒክ መታገዷ ተገቢ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ ስትመለስ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አንደኛ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ነጭ ኤላና ማየር ሁለተኛ ወጡ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ፖለቲካ አለበት ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። «ቅጣቱ ያረፈው በበዳዩ ላይ ነው ወይስ ባልበደለው ሯጭ? የተበደለውን ይረዳል ወይስ የኃያላንን ጠብ ያሞቃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለእኛ ለስደተኞች ሩቅ አይደለም። ስፖርተኛ ወደ ኦሊምፒክ የሚሄደው በአገሩ ኮሚቴ በኩል በመሆኑ፣ አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው በሩ ጠባብ ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ግን የስደተኞች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ከአሥሩ አምስቱ በካኩማ የኖሩና ናይሮቢ አጠገብ ንጎንግ ላይ የሠለጠኑ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ስደተኛ ዮናስ ክንዴም ማራቶን ሮጧል። ይህም ውሳኔ ከፖለቲካ የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን በር የከፈተ ነው።

ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት፦ በ1976 ምሩጽ መሮጥ ነበረበት ወይስ መቅረቱ ትክክል ነበር? ምክንያታችሁንም ጽፋችሁ ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ።