«ፊል» እና «ተሰማኝ»፦ የስሜት ግሥ ከነተጣማሪዎቹ



ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ውስጥ ብርድ እንደ ተሰማው ሊገልጽ ፈልጎ፣ «ፊል» በማለት ፈንታ «ሂር» ብሎ ጻፈ። በቀይ ብዕር ሰረዝሁበት፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁትም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስረዛ ነው።

አማርኛ «ብርድ ተሰማኝ»፣ «ሕመም ይሰማኛል» ይላል። ግሡ «ሰማ» ነው፤ «ስሜት» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር ይወጣል። አማርኛ ጆሮ የሚቀበለውንና ገላ የሚቀበለውን በአንድ ሥር ሲያስር፣ እንግሊዝኛ ለጆሮ «ሂር»ን፣ ለገላና ለልብ «ፊል»ን ይመድባል። እንግዲህ ተማሪዬ የራሱን ቋንቋ ሥርዐት በታማኝነት ተከትሎ ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት በባለቤቱ ላይ ነው። «ብርድ ተሰማኝ» ስንል የግሡ ባለቤት ብርዱ ነው፤ ተናጋሪው በ«-ኝ» ብቻ ይመለከታል። በ«አይ ፊል ኮልድ» ግን ባለቤቱ ተናጋሪው ራሱ ሲሆን፣ «ኮልድ»ም ቅጽል ነው።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው፣ ትርጉማቸው ከቃላቱ ድምር የማይገኝ ጥምረቶች ናቸው። «ፊል ላይክ» በ«-ኢንግ» የሚጨርስ ቃል ሲከተለው ፍላጎትን ያመለክታል፤ «አይ ፊል ላይክ ስሊፒንግ» ማለት «መተኛት አሰኘኝ» ነው። «ፊል ሶሪ ፎር» ለሌላው ማዘን እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። «ፊል ፍሪ» የሚለው ግብዣም «ይሉኝታ አይያዝህ» ከሚለው አነጋገራችን ጋር ይቀራረባል። «ፊል ሲክ» በብሪታንያ አብዛኛውን ጊዜ ማቅለሽለሽን፣ በአሜሪካ ግን ጠቅላላ ሕመምን ይገልጻል፤ በሐኪም ፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የብሪታንያው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስገነዘበው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ቃል ትርጉም በከፊል አብረውት ከሚውሉት ቃላት ይገኛል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ «ፊል»ን ለብቻው አትሸምድዱ፤ ከተጣማሪው፣ ከባለቤቱና ከሚነገርበት ሁኔታ ጋር መዝግቡት። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ አንድ አደራ አለ፤ ከመሰረዛችን በፊት «ይህን በአማርኛ እንዴት ትለዋለህ?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ያን ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ተማሪዬ ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይዞ በሄደ ነበር።