በብራና ዳር ስለ ተጻፈው የአገር ኑሮ

በላስታ ከላሊበላ በስተሰሜን ወደ ብልባላ የሔደ ሰው ከዓለት የተፈለፈሉትን ብልባላ ጊዮርጊስንና ብልባላ ቂርቆስን አይቶ የጥንት ሰዎችን ጥበብ ሳያደንቅ አይመለስም። ነገር ግን ያን ዓለት የፈለፈሉት ሰዎች ምን በልተው፤ ምን ለብሰው፤ ልጆቻቸውን እንዴት ድረው ይኖሩ እንደ ነበረ ዓለቱ አይነግረንም። የኋለኞቹን ዘመናት ኑሮ እንኳ የሚነግረን ቢገኝ፤ በአገራችን አድባራት በወንጌል ዳርና በባዶው ገጽ ላይ የተጻፈው የርስት፤ የጉልትና የሽያጭ ውል ነው። አባቶቻችን ቃል እንዳይፈርስ ከወንጌል የሚበልጥ ዋስ አላገኙምና ጉዳያቸውን በዚያ ያጽፉ ነበር።

የቀድሞውን ጽሕፈት ፈልጎ መመርመርን የዕድሜ ልክ ሥራ ካደረጉት ሊቃውንት መካከል ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጥቂት እንናገራለን፤ ዘመኑን የምንጽፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በ1936 በእንግሊዝ አገር ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት ናቸው። እናትና ልጅ በ1956 አዲስ አበባ ገቡ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ልጅየው ሆኑ።

የነገሥታትን ጦርነት የሚጽፍ አይጠፋም። እሳቸው ግን አሞሌ በገበያ ስንት ያወጣ እንደ ነበረ፤ ሸማኔው፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ ይጠይቁ ነበር። ይህን ተራ ነገር ነው የሚል ሰው ከ1888 እስከ 1892 ስለ ደረሰው ስለ ክፉ ቀን የጻፉትን ያንብብ። የከብቱ እልቂት ከባሕር በኩል እንደ ገባ፤ በሬ አልቆ መሬቱ ጦም እንዳደረ፤ አያቱ በምድጃ ዳር የነገሩትን ሁሉ በማስረጃ ቆሞ ያገኘዋል። የዐፄ ቴዎድሮስን የግብርና የዕቃ ቤት መዝገብ ከግርማ ሥላሴ አስፋው ጋራ ሆነው በ1979 አሳተሙ። የኢትዮጵያን ማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ የሚናገረው መጽሐፋቸውም በ1990 ወጣ። እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ የወሰዱት ብራና እንዲመለስ ሳይታክቱ ተከራክረዋል።

ስለ ቤተ ሰብ በሚናገረው ገጻችን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሪታን ሳናነሣ ብናልፍ አግባብ አይሆንም። በ1957 አዲስ አበባ ላይ ተጋቡ፤ ወይዘሮዋም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ ነበር። አንዳቸው የጠፋውን ጽሕፈት ሲፈልጉ ሌላዋ የተገኘው እንዳይጠፋ ቦታ ቦታውን ያስይዙ ነበር፤ ለኛ እንደሚመስለን ይህ ጋብቻ ለታሪካችን ከብዙ ጉባኤ ይልቅ ጠቅሟል። በአብዮቱ ዘመን በ1976 ከአገር ወጡ፤ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላም ተመለሱ። ፕሮፌሰሩ በ2017 ዐርፈው እናታቸው ባረፉበት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የብራናው ዳር ግን ገና ተነብቦ አላለቀም። ከየደብሩ አንድ ቅጠል ተቀዶ ለመንገደኛ ሲሸጥ የሚሔደው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ በጀርባው የአንድ ገበሬ ወሰን፤ የአንዲት ወይዘሮ ርስትና የምስክሮቹ ስም ተጽፎበት እንደ ሆነ እሱም አብሮ ይሔዳል።