የመጽሔት ደንበኝነት በወረቀትና በዲጂታል፦ የዋጋው አወጣጥ

የመጽሔት ደንበኝነት፣ አንባቢው ገና ላልወጡ እትሞች ገንዘቡን አስቀድሞ የሚከፍልበት፣ አሳታሚውም እትሞቹን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በየተራ ለማድረስ ግዴታ የሚገባበት ውል ነው። በዚህ ውል አሳታሚው የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ሳይደርስበት ገንዘብ በእጁ ይገባል፣ ስንት ቅጂ ማሳተም እንዳለበትም ስለሚያውቅ ሳይሸጥ የሚመለስበት ቅጂ ይቀንስለታል፤ ስለዚህም ለደንበኛው በነጠላ ከሚሸጥበት ዋጋ ቀንሶ ይሰጠዋል። ዛሬ ውሉ የሚፈጸመው በሁለት መልክ ነው፤ አንዱ የታተመው ቅጂ በፖስታ የሚደርስበት፣ ሌላው ደግሞ ደንበኛው በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር የሚያነብበት የዲጂታል ደንበኝነት ነው። የሁለቱን ዋጋ ለማነጻጸር አስቀድሞ የወረቀቱን ታሪክ ማየት ይገባል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የታተመ መጽሔት ዋጋ የወረቀቱ፣ የቀለሙና የሕትመቱ ወጪ ተደምሮ ትርፍ የሚታከልበት ይመስላል፤ የአሜሪካ መጽሔቶች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ1893 ፍራንክ መንሲ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ በስሙ የሚጠራውን ወርኃዊ መጽሔት ዋጋ ከ25 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም፣ የዓመት ደንበኝነቱን ደግሞ ወደ 1 ዶላር አወረደው። ዋጋው ከማምረቻው ወጪ ያነሰ ቢሆንም አንባቢው በዛ፣ አንባቢው በበዛ ቁጥርም አስተዋዋቂዎች ለአንድ ገጽ የሚከፍሉት ከፍ እያለ ሄዶ ጉድለቱን ከመሸፈን አልፎ ትርፍ አስገኘ። ከዚያ በፊት በ1879 የወጣው የፖስታ ሕግም በየጊዜው ለሚወጡ ሕትመቶች «ሁለተኛ ደረጃ» የተባለ ዝቅተኛ የመላኪያ ታሪፍ ደንግጎ ነበር። በመሆኑም ደንበኛው የሚከፍለው የመጽሔቱን ወጪ ከፊል ብቻ ሲሆን ቀሪውን አስተዋዋቂውና ዝቅተኛው ታሪፍ ይሸከሙለት ነበር ማለት ይቻላል። እነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ሲዘሙ ምን እንደሚከተል «ላይፍ» መጽሔት አሳይቷል፤ አስተዋዋቂው ወደ ቴሌቪዥን በማዘንበሉና የፖስታ ታሪፍ በመናሩ፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደንበኞች እያሉት በታኅሣሥ 1972 ሳምንታዊ ሕትመቱን አቆመ። በርካሽ ዋጋ የተሰበሰበው ደንበኛ ራሱ ሸክም ሆኖበት ነበር።

ዲጂታል ደንበኝነት በዚህ ሒሳብ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ኢኮኖሚስቶች የኅዳግ ወጪ በሚሉት፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማቅረብ በሚያስፈልገው ወጪ ላይ ነው። የታተመ መጽሔት ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ተጨማሪ ወረቀት፣ ተጨማሪ ሕትመትና ተጨማሪ የፖስታ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ በዲጂታል ግን ለሺህ ደንበኛ የተዘጋጀውን እትም ለሌላ አንድ ሰው ማድረስ የሚያስወጣው ከምንም አይቆጠርም። ከዚህ ተነሥቶ ዲጂታሉ በነፃ ሊባል ትንሽ በቀረው ዋጋ መሸጥ አለበት የሚል አንባቢ ብዙ ነው፤ ይህ አስተሳሰብ ግን የጋዜጠኛውን፣ የአርታኢውን፣ የፎቶግራፍ አንሺውንና የሶፍትዌር ባለሙያውን ደመወዝ ይዘነጋል። በዚያ ላይ አሻሻጩ ድርሻውን ይወስዳል። አፕል በየካቲት 2011 በመተግበሪያ መደብሩ በኩል ከሚፈጸም የደንበኝነት ክፍያ 30 በመቶ እንደሚወስድ ሲያስታውቅ፣ የለንደኑ «ፋይናንሻል ታይምስ» ጋዜጣ በዚያው ዓመት በድረ ገጽ አሳሽ የሚከፈት የራሱን መተግበሪያ አዘጋጅቶ ደንበኞቹን ወደዚያ አሸጋገረ። አፕል ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደንበኛ የሚወስደውን ድርሻ ወደ 15 በመቶ የቀነሰው በ2016 ነው። ግብርም ቢሆን ሁለቱን በእኩል ዓይን አላየም፤ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ለታተሙ መጽሔቶች የሚፈቀደውን ዝቅተኛ የተጨማሪ እሴት ታክስ ለዲጂታል እትሞችም እንዲጠቀሙበት የተፈቀደላቸው በ2018 መጨረሻ ነበር።

ወጪው ይህን ያህል ይናገራል፤ ቀሪውን የሚወስነው የአንባቢው ምርጫ ነው። ለዚህ በስፋት የሚጠቀሰው ምሳሌ የብሪታንያው ሳምንታዊ መጽሔት «ዘ ኢኮኖሚስት» በአንድ ወቅት ለደንበኞች ያቀረበው የዋጋ ዝርዝር ነው፤ የድረ ገጹ ደንበኝነት ብቻውን 59 ዶላር፣ የታተመው ብቻውን 125 ዶላር፣ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ እንዲሁ 125 ዶላር ነበሩ። የባሕርይ ኢኮኖሚክስ ምሁሩ ዳን አሪየሊ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ዝርዝሩን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚገኙ 100 የንግድ ሥራ ተማሪዎች ሲያቀርብ 16ቱ ድረ ገጹን፣ 84ቱ ሁለቱን በአንድነት ሲመርጡ የታተመውን ብቻ የመረጠ አልነበረም። ማንም ያልፈለገው መካከለኛው ምርጫ ሲወጣ ግን 68ቱ ወደ ርካሹ ዞሩ፣ ሁለቱን በአንድነት የመረጡት 32 ብቻ ሆኑ። ተማሪዎቹ በእርግጥ ቢከፍሉ ኖሮ አሳታሚው በመጀመሪያው ዝርዝር 11,444 ዶላር፣ በሁለተኛው 8,012 ዶላር ያገኝ ነበር። ማባበያ ምርጫ የሚባለው ይህ ስልት ታዲያ በሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በ2014 በሼን ፍሬደሪክና በባልደረቦቹ የታተመ ጥናት ውጤቱ በአብዛኛው የሚታየው ምርጫዎቹ በቁጥር ብቻ ሲቀርቡ መሆኑን አመልክቷል። ያም ሆኖ የደንበኝነት ዋጋ በቁጥር የሚቀርብ ነገር ስለሆነ፣ ወረቀቱን ብቻውን፣ ወረቀቱና ዲጂታሉ በአንድነት ከሚሸጡበት ጋር በእኩል ዋጋ የሚያቀርብ ዝርዝር ያየ አንባቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል።

ከዋጋው ይልቅ ብዙም ትኩረት ያላገኘው ግን የሚገዛው ነገር ምንነት ነው። የታተመውን እትም የገዛ ሰው የቅጂው ባለቤት ስለሚሆን ሊያስቀምጠው፣ ሊያውሰው፣ ሊሸጠው መብት አለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 በመጽሐፍ ሽያጭ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ አሳታሚው አንድ ጊዜ ከሸጠው በኋላ ቅጂው በስንት እንደሚሸጥ ሊያዝ እንደማይችል ደንግጓል። የዲጂታል ደንበኛ በአብዛኛው የሚያገኘው የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ወይም አገልግሎቱ ሲዘጋ፣ ከፍሎ ያነበባቸው እትሞችም አብረው ሊዘጉበት ይችላሉ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣና መጽሔት በጥቂት ሳንቲም እየተከራዩ ማንበብ የተለመደ ነበር፤ አንድ ቅጂ በቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ሰው ያነበው ነበር፣ አዟሪውም ከኪራዩ ይተዳደር ነበር። ይህ ሁሉ የሚቻለው ቅጂው የገዛው ሰው ንብረት ሲሆን ነው፤ በግል የይለፍ ቃል የሚከፈት እትም በውሉ መሠረት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በአንጻሩ ዲጂታሉ ፖስታ በቀላሉ የማይደርስበት አንባቢ ጋር በወጣበት ሰዓት ይደርሳል፣ የቆዩ እትሞችንም በቃል ፈልጎ ለማግኘት ያስችላል፤ በውጭ አገር ለሚኖር የአማርኛ አንባቢ ይህ ከፍተኛ ጥቅም ነው።

እንግዲህ ዲጂታል ደንበኝነት ከወረቀቱ መርከስ ያለበት ወረቀት ስለሌለው ብቻ ሳይሆን አንባቢው በእጁ የሚያስቀረው ነገር ስለሌለም ነው። ከወረቀት ወደ ዲጂታል የሚሸጋገሩ የአማርኛ መጽሔት አዘጋጆች ደንበኛው ዋጋ የከፈለባቸውን እትሞች ውሉ ካበቃ በኋላም በራሱ መሣሪያ ላይ እንዲያስቀር ይፍቀዱለት፤ ይህንንም በደንበኝነት ውሉ ላይ በግልጽ ያስፍሩት።