ምኞትን ወደ ሥራ መለወጥ፦ ስለ ግል ዓላማና በቤት ውስጥ በእጅ ስለሚሠሩ ሥራዎች

በየዓመቱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር በየክፍሉ ተመሳሳይ ንግግር እንሰማለን። «ዘንድሮ በርትቼ አጠናለሁ»፣ «እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ»፣ «ኮምፒውተር እማራለሁ»፣ «ቤተሰቤን እረዳለሁ»። ምኞቶቹ ሁሉ መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ ጥር ሲደርስ ብዙዎቹ ተረስተዋል፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ያው ምኞት ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነገር ነው። ምኞትን ወደ ዓላማ፣ ዓላማን ደግሞ ወደ ዕለት ሥራ መለወጥ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ እንደ ሒሳብና እንደ ሰዋስው ሊማሩት ይገባል።

ጉዳዩ በተለይ ትምህርታቸውን ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎቻችን ትልቅ ነው። እዚህ ጅቡቲ ውስጥ የምንኖር ቤተሰቦች እንደምናውቀው፣ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለው ዓመት ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ሌላው ሥራ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ የሚመጣ መልስ ይጠብቃል። መጠበቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሌላ ሥራ የሌለበት መጠበቅ ዓመታትን ይበላል፤ ወጣቱም ሳያውቀው በራሱ ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል። በዚህ ጽሑፍ፣ ውጤቱ በሌላ ሰው እጅ ባለበት ጊዜም እንኳ በራሳችን እጅ ሊያልቅ የሚችል ሥራ እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምኞትና ዓላማ በምን ይለያያሉ?

«እንግሊዝኛ ማወቅ እፈልጋለሁ» ምኞት ነው። «እስከ ጥር መጨረሻ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ የአንድ ገጽ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ መምህሬም ያርሙልኛል» ዓላማ ነው። ሁለተኛው ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ መሠራቱም በምን እንደሚታወቅ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዊን ሎክ ይህን ጉዳይ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አንሥቶታል። እርሱና ጌሪ ሌተም ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ጥናት የደረሱበት ድምዳሜ፣ ግልጽና ጠንከር ያለ ዓላማ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን ያህል ሥራ» ከተባለው ሰው የተሻለ ይሠራል የሚል ነው። ምክንያቱም «የቻልኩትን ያህል» የሚባለው መለኪያ ከሰውየው ድካም ጋር ዝቅ ይላል። ቁጥርና ቀን ግን ዝቅ አይልም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓላማው ከባድ ይሁን ሲባል ከአቅም በላይ ይሁን ማለት አይደለም። ሰውየው ሊደርስበት እንደሚችል ማመን አለበት፤ መንገድ ላይ ደግሞ የት እንደደረሰ የሚያይበት ምልክት ያስፈልገዋል።

ዓላማው ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ሰዓቱንና ቦታውን ማሰር ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፔተር ጎልቪትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ዓላማውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። ለምሳሌ «ማታ አነባለሁ» ከማለት ይልቅ «እራት ተበልቶ ዕቃው ሲነሣ፣ ስልኬን እናቴ ዘንድ አስቀምጬ 20 ደቂቃ አነባለሁ» ማለት ይሻላል። የዕቃው መነሣት ራሱ ደወል ይሆናል፤ በየቀኑ «ልጀምር ወይስ ልተው?» እያሉ ከራስ ጋር መከራከር ይቀራል።

ጊዜን ለምን አሳንሰን እንገምታለን?

ብዙ የቤት ሥራዎች የሚቆሙት ከባድ ስለሆኑ ሳይሆን ካሰብነው በላይ ስለሚረዝሙ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ ወደ 34 ቀን ገደማ ገመቱ። የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ «ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ?» ተብለው ሲጠየቁ እንኳ የሰጡት ግምት በአማካይ ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አዲስ ሥራ ስናስብ ሁሉ ነገር ተሳክቶ ይታየናል እንጂ ያለፉት ሥራዎቻችን ስንት ጊዜ እንደፈጁ መለስ ብለን አናይም። ሙጫ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ታናሽ እህት ትታመማለች። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምንመክረው ቀላል ነው። የገመታችሁት ጊዜ ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ሁለት ሳምንት ካላችሁ ሦስት ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ግምቱንና እውነቱን ጎን ለጎን መዝግቡ። ሦስት አራት ሥራ ከሠራችሁ በኋላ የራሳችሁን ልክ ታውቃላችሁ።

አንድ ምሳሌ፦ የሸክላ ማቀዝቀዣ

ነገሩን በተግባር ለማየት ለአየራችን የሚስማማ አንድ ሥራ እንውሰድ። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን በልምድ ያውቁታል። ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እያላበ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል፤ ሲተን ደግሞ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። የሚወስደው ሙቀት ትንሽ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ይህም ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው 7 እጥፍ ያህል ነው።

መሐመድ ባህ አባ የተባሉ የናይጄሪያ መምህር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ የቆየ ጥበብ ተጠቅመው አትክልት የሚያቆይ ድርብ ሸክላ በሰሜን ናይጄሪያ ገበሬዎች ዘንድ አስፋፉ፤ ለዚህም ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። አሠራሩ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነው።

መጀመሪያ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ሸክላ ይዘጋጃል። በዙሪያው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ሸክላው ያልተሟሸና ቀለም ያልተቀባ መሆን አለበት፤ በዘይት የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለሚደፈን አያላብም። የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ ከሥር ያለው ቀዳዳ ይደፈናል። ከትልቁ ሸክላ ሥር አሸዋ ይነጠፍና ትንሹ ይቀመጥበታል፤ ክፍተቱም በአሸዋ ይሞላል። አሸዋው ከባሕር ዳር የመጣ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጨው የሸክላውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ከዚያ አሸዋው በውሃ ይርሳል፤ አትክልቱ በውስጠኛው ሸክላ ይደረጋል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ቦታው ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኘው ይሁን። ጠዋትና ማታ ውሃ ይጨመርበታል። ውሃ በሚወደድበት አገር ስለምንኖር፣ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ለዚህ ይበቃል።

ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያና ጎመን ይስማማቸዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ደረቅ ቦታ ስለሚወዱ አይገቡበትም። ሥጋና ወተት ለማቆየትም አይሆንም፤ ይህ የፍሪጅ ምትክ አይደለም።

ሥራው ሙከራ የሚሆነው ግን በመዝገብ ሲያዝ ነው። ዓላማው እንዲህ ይጻፋል፤ «ግማሽ ኪሎ ቲማቲም በሸክላው ውስጥ፣ ግማሽ ኪሎ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ለ14 ቀን በየቀኑ ሦስት ጊዜ የውጩንና የውስጡን ሙቀት እመዘግባለሁ። የትኛው በስንተኛው ቀን እንደተበላሸም እጽፋለሁ።» ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የወጣው ገንዘብና የፈሰሰው ውሃ መጠንም ይመዝገብ።

እዚህ ላይ የመዝገቡ ጥቅም ይታያል። ሸክላው በደንብ የሚያቀዘቅዘው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ሲሆን ጥሩ ይሠራል። በሐምሌ ደረቁ የካምሲን ነፋስ ሲነፍስ ልዩነቱ ትልቅ ይሆናል። በታኅሣሥ ደግሞ ከባሕር የሚመጣው አየር እርጥብ ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል። ሙቀቱንና የአየሩን ሁኔታ ያልመዘገበ ተማሪ በታኅሣሥ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። የመዘገበችው ተማሪ ግን መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራና ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ያው ሸክላ ለአንዱ ኪሳራ፣ ለሌላዋ እውቀት ይሆናል።

ከማላዊ የምንማረው

በቤት በሚሠራ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው አፍሪካውያን ወጣቶች አንዱ የማላዊው ዊሊያም ካምኩዋምባ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተወለደው ዊሊያም፣ አገሩ በ2001 እና በ2002 በረሃብ ስትመታ ቤተሰቡ የትምህርት ክፍያ መክፈል ስላቃተው ገና በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። በአካባቢው በነበረች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኃይል ምንጮች የሚያስረዳ መጽሐፍ አገኘ። ከአሮጌ ብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያ፣ ከፕላስቲክ ቧንቧና ከባሕር ዛፍ እንጨት በነፋስ የሚዞር የመብራት ማመንጫ ሠራ፤ ቤታቸውም መብራት አገኘ። በ2007 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ አሩሻ ላይ በተደረገ ጉባኤ ታሪኩን ተናገረ። ወደ ትምህርቱም ተመልሶ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካለው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተአምር ነው። እኛ ግን ተማሪዎቻችን ሦስት ተራ ነገሮችን እንዲያዩበት እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ትልቁን ከመሥራቱ በፊት በራዲዮ የሚሞከር ትንሽ ሞዴል ሠርቶ አይቷል። ሁለተኛ፣ የጎደለውን ዲናሞ መግዛት ሲያቅተው ጓደኛው ገዝቶለታል፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ የብቻ ሥራ አይደለም። ሦስተኛ፣ የመንደሩ ሰው «አብዷል» እያለ ሲስቅበት ያሳመነው በንግግር አልነበረም፤ አምፖሉ ሲበራ ነው ሳቁ የቆመው።

መተውም በቀጠሮ ይሁን

የተጀመረ ሁሉ አያልቅም፤ ማለቅም የለበትም። አንዳንዱ ሥራ ከአቅም በላይ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ እየሠራነው ፍላጎታችን ይለወጣል። ችግሩ መተው ሳይሆን ሳይወስኑ መተው ነው። ስለዚህ ገና ሲጀመር የመመርመሪያ ቀን ይያዝ፤ ለምሳሌ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለ አንድ አርብ። በዚያ ቀን መዝገቡን አንብቦ «እቀጥላለሁ»፣ «አሻሽላለሁ» ወይም «አቆማለሁ» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ ነው። በምክንያት የቆመ ሥራ ትምህርት ይተዋል። በመርሳት የቆመ ግን «እኔ ምንም አልጨርስም» የሚል ስሜት ብቻ ይተዋል።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በቤት ውስጥ አንድ ማዕዘንና የታወቀ ሰዓት ስጧቸው። ይህን ስንል በተለይ ሴቶች ልጆቻችንን እያሰብን ነው። ወንዱ ልጅ ሬዲዮ ሲፈታታ «መሐንዲስ ሊሆን ነው» ይባላል፤ እህቱ ግን ደብተሯን እንደዘረጋች ለቡና ወይም ለሊጥ ትጠራለች። የቤት ሥራው ተካፍሎ ለእርሷም በሳምንት ሦስት ጊዜ የማይነካ አንድ ሰዓት ቢሰጣት፣ በዓመት ውስጥ ከ150 ሰዓት በላይ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ልብስ ስፌት፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ወይም ፈረንሳይኛ መጀመር ይቻላል።

ሁለተኛው ልመናችን፣ የመጀመሪያው ሙከራ ሲበላሽ አትሳቁ፤ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ጥያቄ ልጁን ወደ መዝገቡ ይመልሰዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ የሸክላ ማቀዝቀዣ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የመኖሪያ ፈቃድም አያስገኝም። ነገር ግን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በእጁ የሠራውን ነገር ከነመዝገቡ ይዞ የሚቀርብ ወጣት፣ ለቀጣሪም ሆነ ለመምህር የሚያሳየው ነገር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለራሱ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ሲጠብቅ የከረመው ዓመት ባዶ አለመሆኑን።

ስለዚህ ለተመራቂዎቻችንና ለሌሎችም ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከዚህ ክረምት በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ ሥራ ምረጡ። ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን እንደሚታወቅ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ጓደኛ ስጡ። በሚቀጥለው የዓመት መጽሔታችን «የተጠናቀቁ ሥራዎች» የሚል ገጽ እንዲኖረን እንፈልጋለን። በምክንያት የቆሙትም ከነምክንያታቸው ይጻፉበታል።

መልካም ክረምት፤ መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ።