ደም ያየ ተማሪ ለማን ይንገር?

ስለ ሰገራ መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አምና ከመኝታ ቤታችን ልጆች አንዱ ሰገራው ላይ ደም እያየ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ከረመ። መጀመሪያ «አሜባ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ፍላጅል ገዝቶ ዋጠ፤ ደሙ አልቆመም። ቀጥሎ «ኪንታሮት ነው» አለና ተወው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ሁለቱም ግን ግምት ነበሩ።

እርግጥ ነው፤ በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለው ደም አብዛኛውን ጊዜ ከኪንታሮት፥ ከፊንጢጣ መሰንጠቅ ወይም ከተቅማጥ በሽታ ይመጣል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይበልጥ የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ሆኖም በብዙ አገሮች ከዚያ በታች ባሉትም ላይ እየበዛ መጥቷል። «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም የምናውቀው ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ በሽታ ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2021 የጤነኛ ሰው ምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተመክሯል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናምታታው ነገር አለ። ምልክት የሌለው ሰው በዕድሜው ምክንያት የሚመረመረው ምርመራ አንድ ነው፤ ምልክት ያየ ሰው የሚመረመረው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው አይጠብቅም። ስለዚህ «ገና 22 ዓመቴ ነው» ማለት የተሳሳተ ሒሳብ ነው።

እንግዲህ ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት ማን ነው? ደሙ የሚመላለስበት፤ የሰገራው ጠባይ ተለውጦ ሦስት ሳምንት ያህል የቆየበት፤ ሳይጾም የከሳ፤ ደም ማነስ አለብህ የተባለ። ከቤተ ሰቡ በዚህ በሽታ የታመመ ካለ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ደሙ ከበዛ፥ ሰገራው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ወይም ራሱን ካዞረው ግን በዚያው ቀን ይሂድ።

ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ሆድን ይዳስሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ጓንት አጥልቆ በጣቱ ይመረምራል፤ ሰገራና ደም ያስመረምራል። ካስፈለገ ኮሎኖስኮፒ ያዝዛል፤ ይህም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያሳይበት ምርመራ ነው። ጥቅሙ ማየት ብቻ አይደለም። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፥ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ መካከል ከተገኘ በዚያው መሣሪያ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

ጓደኛችን በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ የሄደው አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ደክሞት መሐል ላይ ስለ ተቀመጠ ነው። የተገኘበት ኪንታሮት ነበር፤ ነገር ግን በሦስቱ ወር ደሙ በጣም ቀንሶ ተገኘ። ግምቱ ትክክል ሆነ፤ ዝምታው ግን አስከፈለው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ለመናገር ያፈረ ቢኖር በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ይስጠው፤ መጻፍስ ለተማሪ አይከብድም።